በሰልስቱ ቀን ድንኳን ውስጥ ያልኩት

ባለቤቴ በተቀበረ በሦስተኛው ቀን፣ ድንኳኑ ሊነሳ ትንሽ ሲቀረው፣ ከተቀመጥኩበት ፍራሽ ብድግ ብዬ ማንም ያልጠየቀኝን ነገር ተናገርኩ። «ባለቤቴ ላይ ዕዳ ያለው ሰው ካለ ወደ እኔ ይምጣ። የሱ ዕዳ የኔ ዕዳ ነው» አልኩ።

ድምፄ በለቅሶ ብዛት ጎርንኖ ስለነበር ከኋላ የተቀመጡት ምን አለች፣ ምን አለች እያሉ ሲጠያየቁ ይሰማኛል። በእኛ በክርስቲያኖቹ ለቅሶ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም። ስለ ሟቹ ደግነት ይወራል፣ ቄሱ ጸሎት ያደርሳሉ፣ እድሩ ወንበርና ሳህኑን ቆጥሮ ይረከባል፣ ሰውም ወደየቤቱ ይሄዳል። የገንዘብ ነገር ካለ ከአርባው በኋላ ቀስ ተብሎ፣ በሰው በሰው ነው የሚመጣው። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ከወንዶቹ መሀል ተነስቶ መጣና ነጠላዬን ይዞ አስቀመጠኝ። ሐዘን ነው፣ የምትለውን አታውቅም፣ ብሎ ሰዉን ይቅርታ ጠየቀልኝ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ ደግሞ፣ ወንድሜን ሞቶም አላሳረፍሽው አለኝ።

እኔ ግን የምለውን አውቄ ነው ያልኩት። ማለቴ፣ የማውቅ መስሎኝ ነበር።

ነገሩን ያየሁት ጎረቤታችን ዘንድ ነው። ካዛንቺስ ሳለን ከእነሱ ጋር ግድግዳ ተጋርተን ነው የኖርነው። ሰፈሩ ሲፈርስ እዚህም እዚያም ከምንበተን ብለን ተፈላልገን ቂርቆስ አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ቤት ተከራየን። ሰውየው መካ ደርሰው የመጡ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ሐጂ ነው የሚላቸው፣ እኔም በዚሁ ልጥራቸው። የሐጂ እናት ያረፉ ጊዜ፣ ጀናዛው ከግቢ ሊወጣ ሲል፣ ሐጂ በሩ ላይ ቆሙና እናቴ ላይ ዕዳ ያለው ሰው ካለ እኔን ይጠይቅ አሉ። ያን ጊዜ ከዳር እስከ ዳር የቆመው ሰው «አፉ ብለናል፣ አፉ ብለናል» አለ። ይቅር ብለናል ማለታቸው ነው። ጉልት የምትሸጥ አንዲት ሴት ከበር ውጭ ሆና፣ እኔም የሽንኩርቱን አፉ ብያለሁ ስትል ሰዉ በእንባው መሀል ሳቀ።

ያ ነገር ልቤ ውስጥ ቀረ። ሰው ሲሄድ እንዲህ ቀልሎት መሄድ አለበት አልኩ። ባለቤቴን ደም ግፊት በድንገት ሲጥለው፣ ላስታምመው እንኳን ጊዜ አልሰጠኝም። ውሃ አላጠጣሁት፣ እግሩን አላሸሁት። ሌላ የማደርግለት ሳጣ ይሄን ላድርግለት ብዬ ነው የተነሳሁት። የሻይ፣ የካርድ፣ የታክሲ ነገር ይኖርበታል፤ አንድ ሁለት ሰው አፉ ይለዋል፤ ይቀለዋል። ሐሳቤ ይኸው ነበር። ያላሰብኩት የእኔ ድንኳን ውስጥ የተቀመጠው ሰው መልሱን እንደማያውቀው ነው። ማንም አፉ አላለም። መልሱን የሚያውቁት ሐጂ ብቻ ነበሩ፣ እሳቸው ደግሞ አንገታቸውን ደፍተው ምንጣፉን ያያሉ።

ምንጣፉን ለምን እንዳዩ የገባኝ ሱቄን መልሼ በከፈትኩ ሰሞን ነው።

ሱቄ ላንቻ ናት። ከታክሲ መውረጃው ትንሽ ገባ ብላ፣ በፎቶ ኮፒ ቤትና በጁስ ቤት መሀል የተሰነቀረች ጠባብ ቤት። ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ኦቨርሎክ፣ መጋረጃ የተጋረደባት የመለኪያ ጥግ፣ በቃ። ግን መንገድ ዳር ናት። ከሷ በፊት እቤቴ ቁጭ ብዬ የጎረቤት ዚፕ ነበር የምቀይር፤ ዋጋ ስጠራ ሰዉ ሁሉ «ለኛም?» ይለኛል። ባለቤቴ እቁቡ ደርሶት ለቀድሞው ተከራይ የቁልፍ ብር ከፍሎ ካስረከበኝ ወዲህ ነው ሠርቶ አዳሪ የሆንኩት። እሱ የመሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር፤ ደሞዙ ከወር ወር አይደርስም። ቤት ኪራዩን የምትከፍለው ሱቋ፣ ልጃችንን አስተምራ ያስመረቀቻት ሱቋ። ሱቋን ካጣሁ ዚፕ ወደ መቀየሩ መመለሴ ነው፤ ያውም በዚህ ዕድሜዬ፣ ያውም ብቻዬን።

ሰውየው የገባው የአንዲት ደንበኛ ቀሚስ እያጠበብኩ ሳለ ነው። ፊቱን አውቀዋለሁ። ድሮ ከባለቤቴ ጋር አንድ መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበረ፣ ኋላ ለቆ የመኪና መለዋወጫ መነገድ ጀመረ። ድንኳን ውስጥም ሦስቱንም ቀን ተቀምጧል። ባርኔጣውን አውልቆ ደንበኛ የሚቀመጥባት ዱካ ላይ ተቀመጠ፣ ነፍስ ይማር አለ፣ ስለ ኑሮ ጠየቀኝ፣ ከዚያ «ድንኳን ውስጥ ያሉትን ሰምቻለሁ። እንደዚያ ባይሉ ኖሮ ገና እቆይ ነበር» አለኝ።

ለባለቤቴ ሁለት መቶ ሺህ ብር አበድሮት ነበር። እየከፈለ፣ እየከፈለ፣ መቶ ሃምሳው ቀርቷል።

እግሬ መርገጫው ላይ እንደነበረ ነው። መኪናው ሄዶ ሄዶ የቀሚሱን ጎን ከእጅጌው ጋር ሰፋልኝ። ወረቀት አለዎት ወይ ብዬ ጠየቅኩት። እኔና እሱ ወረቀት ተጻጽፈን አናውቅም አለ፤ ዋሱ ሐጂ ናቸው አለ። ለምን እንደተበደረ ጠየቅኩት። ጓደኛው አንድ ነገር ሲጠይቀው ለምን ብሎ እንደማይጠይቅ ነገረኝ። አልተቆጣም፣ አላስፈራራም፤ ቢያስፈራራ ይሻለኝ ነበር። የሱም ሱቅ መንገዱ ሲሰፋ ፈርሶበት ዕቃው ሁሉ መኝታ ቤቱ ውስጥ ተቆልሏል። እንደገና ለመጀመር ገንዘቡ ግድ ሆኖበታል። ባርኔጣውን መልሶ እያደረገ፣ እርስዎ ካልቻሉ ወደ ሐጂ ነው የምሄደው አለኝ። ዋስ ዋስ ነውና።

በጊዜ ዘግቼ ወደ ቤት ሄድኩ። የሐጂ ሚስት በረንዳቸው ላይ ምስር ትለቅማለች። እኔና እሷ ከእህት አንተናነስም፤ ለቅሶው ካለፈ ወዲህ ግን እግሯ ከቤቴ እንደቀነሰ ያን ጊዜ ነው ልብ ያልኩት። ግቢ አለችኝ፣ ቀና ሳትል። ሐጂ ከውስጥ ወጡ። መፈናፈኛ ሳልሰጣቸው ዋስ ነዎት ወይ አልኳቸው። ነኝ አሉ። ገንዘቡ ለምን ነበር ስላቸው ግን ፊታቸውን ወደ ቧንቧው አዙረው፣ እሱን አትጠይቂኝ፣ ቃል አለብኝ አሉኝ።

«ለማን ነው ቃሉ?»

«ለሟቹ።»

ከዚያ፣ አንቺ ካልቻልሽ እኔ እከፍላለሁ፣ አታስቢ፣ አሉ። የምስሩ ሰፌድ ከሚስታቸው ጭን ላይ ሲንሸራተት አየሁት። ያዝ አደረገችው። የነሱን ኑሮ የማላውቅ ይመስል። አምፖልና ሶኬት የሚሸጡባት ሱቅ አለቻቸው፣ ከኔዋ ትጠባለች፣ አራት ልጅ ይበላባታል። መቶ ሃምሳ ሺህ ከዚያች ሱቅ ከወጣ በሯም አይከፈትም።

ያን ቀን ማታ ለባለቤቴ ወንድም ደወልኩለት። ምክር ብፈልግ ነው። እሱም አንቺ ነሽ በድንኳን ያወጅሽው፣ አሁን ምን አስደወለሽ አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ እኔ የማልጠይቀውን ጠየቀኝ። «ወንድሜ እሁድ እሁድ የት ነበር የሚሄደው?»

ስልኩን ዘጋሁት። ባለቤቴ ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ እሁድ ቤት አይውልም ነበር። ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ፣ ቁርሱን በልቶ፣ የሆነ ሰው መኪና ልነዳለት ነው ብሎ ይወጣና ማታ ደክሞት ይመጣል። እኔም ደግ ብዬ ነበር የማስወጣው። የሆነው ሰው ማነው ብዬ ጠይቄ አላውቅም፤ እሱም ነግሮኝ አያውቅም። ለሚስት የማይነገር ብድር፣ ለሚስት የማይነገር እሁድ፣ ጓደኛን ቃል የሚያስገባ ምስጢር። ይሄን ሁሉ ገጣጥማ ሌላ ሴት የማትጠረጥር ካለች ትምጣ። ስንት ለቅሶ ላይ አይቻለሁ፤ ሬሳው ሳይወጣ አንዲት የማትታወቅ ሴት ልጅ ይዛ ድንኳን ስትገባ። የእኔ ድንኳን ውስጥ እንደዚያ ያለች አልመጣችም። ገና ያልመጣች ይሆናል አልኩ።

ልጄ ኦሎምፒያ አካባቢ አንድ ቢሮ ነው የምትሠራ። ነገሩን ስነግራት እንደኔ አልደነገጠችም፤ ቢሮአቸው ያለውን ጠበቃ ጠይቃ በማግስቱ ምሳ ሰዓት እየሮጠች ሱቄ መጣች። «እማ፣ ነገሩ ሲምፕል ነው፣ ቴንሽን አትግቢ። ወረቀት ከሌለው ኬዝ የለውም» አለችኝ። ይህን የሚያህል ብድር ያለ ጽሑፍ ፍርድ ቤት ማስረዳት አይቻልም አለች። ድንኳን ውስጥ የተናገርሽውም ውል አይደለም አለች። ቀጥላ ደግሞ ሁለተኛውን ነገረችኝ፣ የሚያስረዳ ቢያገኝ እንኳን ገንዘቡ ለምን እንደዋለ ነው የሚታየው። ለቤት ከዋለ እኔም እንደሱ ባለዕዳ ነኝ። ለራሱ ጉዳይ ካዋለው ግን የሚታየው የሱ ድርሻ፣ እሱ ትቶት የሄደው ነው፤ ከኔ ላብ ማንም አይወስድም። እሱ ደግሞ ከሁለት ኮትና ከአንድ ሰዓት በቀር ምን ትቶ ሄደ።

«ሐጂስ?» አልኳት።

ትከሻዋን ነቀነቀች። «ሐጂ ራሳቸው ናቸው ዋስ የሆኑት። እኔ ስለ አንቺ ነው የማወራው።»

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሱቅ ስወርድ ቂርቆስ ደጅ ቆምኩ። ተሳለምኩና የምለው ጠፋኝ። ሌላዋ ሴት ባሏ እንዳይከዳት ነው የምትለምነው። እኔ ግን በዚህ ሁሉ ዓመት ትዳሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ባሌ ከድቶኝ እንዲሆን ለመንኩ። ሌላ ቤት ይኑረው፣ ሌላ ሴት ትኑረው፣ ብሩንም ለሷ ሰጥቷት ይሁን፤ እኔም እንግዲያው ምን አገባኝ ልበልና ሱቄን ይዤ ልቀመጥ። ይሄን ብዬ ሳልጨርስ ያቺ ሴት በዓይኔ ላይ መጣች። ከኔ ቀጠን ትላለች። ይባስ ብላ የለበሰችው እኔ የሰፋሁት ቀሚስ ነው። እዚያው ደጃፉ ላይ ተናደድኩና አሜን ሳልል ሄድኩ። በዚያ ሳምንት ሱቄ የገባችውን ሴት ሁሉ ወገቧን ስለካ ፊቷን ነበር የማየው። አንዷ፣ ምነው እትዬ፣ ያበጠ ነገር አለኝ እንዴ ብላኛለች።

ለሽምግልና የተቀመጥነው በቀጣዩ ቅዳሜ ከሰዓት በሐጂ ሳሎን ነው። የእድሩ ዳኛ መሀል ተቀመጡ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ካዛንቺስ ከፈረሰ ወዲህ ሩቅ ነው የሚኖሩት፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይረው ነው የመጡት። በአንድ በኩል አበዳሪውና ሐጂ፣ በሌላው የባለቤቴ ወንድም፣ ልጄና እኔ። የሐጂ ሚስት ወደ ጓዳው በሚያስገባው በር ላይ ቆማለች። ሻይ ቀርቦ ነበር፤ ማንም አልነካውም።

ዳኛው ሟቹ ስለማይናገር ለሱም ጭምር እየተጠነቀቅን እንናገር አሉ። አበዳሪው ለኔ ያለውን እዚያም አንድ ሳይጨምር አንድ ሳይቀንስ ደገመው። ልጄ የሕጉን ነገር በትህትና አስረዳች፤ የሰማችውን ስልኳ ላይ ጽፋው ስለነበር እሱን እያየች ነው። አበዳሪው እስክትጨርስ ጠበቃትና፣ ልጄ፣ እኔ ፍርድ ቤት አልሄድኩም፣ የመጣሁት እዚህ ነው አላት። ልጄ ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

የባለቤቴ ወንድም ይሄኔ ገባ። ወረቀት የለም፣ ለምን እንደዋለ የሚያውቅ የለም፣ እቤት የገባ ብር የለም፤ ስለዚህ ነገሩ በአበዳሪና በዋስ መሀል ነው አለ። ዳኛው ወደ ሐጂ ዞሩ። ለምን እንደነበረ ያውቁ እንደሆነ ጠየቋቸው። ሐጂ መቁጠሪያቸውን በጣታቸው አንከባለሉ።

«እኔ እከፍላለሁ» አሉ። «እሷን ተዉአት። ሌላ አትጠይቁኝ።»

የባለቤቴ ወንድም፣ እንግዲህ አለቀ ብሎ ኮቱን አነሳ። ልጄ በጠረጴዛው ሥር እጄን ጨበጠችኝ። በሩ ላይ የቆመችው ጓደኛዬ ሻሿን ወደ አፏ ሳብ ስታደርግ አየሁ። እኔ ዝም ካልኩ ነገ ላንቻ ወርጄ ሱቄን እከፍታለሁ። እነሱ ይዘጋሉ። በአንድ ግቢ ውስጥ፣ በአንድ ቧንቧ ውሃ እየቀዳን፣ እኔና እሷ ዕድሜ ልካችንን ደህና አደርሽ እንባባላለን።

ለእውነት ብዬ አፌን ከፈትኩ ብል ደስ ባለኝ። ግን እንደዚያ አይደለም። ያንገበገበኝ ቅናት ነው። የማላውቃት ሴት ስም ሳይነገረኝ ከዚያ ቤት ልወጣ መሆኑ ነው።

«ሐጂ፣ ልጅ አለው ወይ?» አልኳቸው።

«የማን ልጅ?»

«የባለቤቴ። ከሌላ ሴት። ብሩ ለዚያ ነው ወይ?»

የልጄ እጅ እጄን ለቀቀ። ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። የሐጂ መቁጠሪያ ቆመ። ቀና ብለው ሲያዩኝ እንደዚያ ያለ ፊት አይቼባቸው አላውቅም፤ የሰደብኳቸው ነው የሚመስለው።

«አስተግፊሩላህ» አሉ። «ይሄን እየጠረጠርሽ ነው የሰነበትሽው?»

«ታዲያ ምን ልጠርጥር? ንገሩኝ ስል ዝም። እሁዱን ሁሉ የት ይውል እንደነበር አላውቅ። ምን ልጠርጥር?»

ወደ ዳኛው ዞሩ፣ ፈቃድ እንደሚጠይቅ ሰው። «ቃሌን ላፈርስ ነው። ብር ቢሆን እከፍልለት ነበር፣ ስሙን ግን እንዲህ ሲጠለሽ ቁጭ ብዬ አልሰማም። ወላሂ ልጅም የለ፣ ሴትም የለ። ሱቁ ነው።»

«የትኛው ሱቅ?» አለ የባለቤቴ ወንድም።

«ላንቻ ያለው። የሷ ሱቅ። እቁቡ አልደረሰውም ነበር። ቁልፉ ሌላ ሰው እጅ ሊገባ ሆነ፣ ተበደረ። ብድር ነው ካልኳት አትገባበትም፣ ትፈራለች፣ እቁብ ደረሰኝ ልበላት፣ አንተ ብቻ ዝም በልልኝ አለኝ። ይኸው ነው።»

ከዚያ አበዳሪው ጉሮሮውን ጠረገ። ለምን እንደተበደረው እሱም ገና አሁን መስማቱ ነው። ዓይኔን ሳያይ፣ የእሁዱን ነገር እኔ አውቃለሁ አለኝ። እሁድ እሁድ የሱን የጭነት መኪና እየነዳ ዕቃ ያደርስለት ነበር፤ ያ ነው ከዕዳው ሲቀነስ የኖረው። የመጨረሻው እሁድ ራሴን አሞኛል ብሎ በጊዜ ነው የሄደው አለ።

በማግስቱ ነው የወደቀው።

ሰው እዚህ ላይ አለቀስሽ ወይ ይለኛል። አላለቀስኩም። እዚያው በሰው ፊት በባለቤቴ ላይ ተናደድኩበት። ደም ግፊት ያለበት ሰው ሳምንቱን ሙሉ ነድቶ፣ እሁድንም ነድቶ፣ ማታ መጥቶ ሱቅ እንዴት ዋለ ይለኛል። ደህና ነው እለዋለሁ። ብድር መሆኑን ባውቅ እውነት ነው አልገባበትም ነበር፤ እሱንም እሁድ አስቀምጠው ነበር። በኔ ፋንታ ወስኖ፣ በኔ ፋንታ ደክሞ፣ በኔ ፋንታ ሞተ። ከድቶኝ በሆነ ብዬ የለመንኩት ለዚህ ሰው ነው። ከድቶኝ ቢሆን ነጻ ነበርኩ። አላመነዘረም፣ አልጠጣም፣ ለኔው ነው ያዋለው፤ ልጄ በነገረችኝ ሕግ እንኳን ብናይ ዕዳው ከራስ ጸጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ የኔ ሆነ።

ልጄ ስልኳን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እማ አለችኝ። የባለቤቴ ወንድም ግን ገና አልተሸነፈም፤ አሁንም ቢሆን ወረቀት የለም አለ፣ ዝግ ባለ ድምፅ። ልክ ነው፣ አልነበረም። ሁሉም ወደ እኔ ተመለከተ።

«ሱቁን ይውሰዱ» አልኩት አበዳሪውን።

«የልብስ ስፌት ሱቅ ምን አደርገዋለሁ እህቴ?»

ዳኛው ለስለስ አድርገው ሌላ የሚለው ነገር እንዳለው ጠየቁት። ምን ማለታቸው እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል፤ ሐጂ ሳይቀሩ ዓይናቸውን ጣሉበት። ሰውየው ባርኔጣውን በጭኑ ላይ ደጋግሞ አዞረው። ይቅር ማለት ብችል ደስ ይለኝ ነበር፣ አልችልም፣ ዕቃዬ አልጋዬ ላይ ነው አለ። ፊቱ ላይ ውሸት አልነበረም። እንዲያውም ያን ጊዜ ነው ያመንኩት።

በየወሩ ከሱቁ ገቢ እንድከፍለው፣ ሐጂም ዋስ እንደሆኑ እንዲቆዩ ተስማማን። ዳኛው ሊመርቁ ሲነሱ እኔ ተቀመጡ አልኳቸው፤ ይጻፍ አልኩ። አበዳሪው ቅር አለው። በእኔና በባልሽ መሀል እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም አለ፤ እስከዚያ እርስዎ ሲለኝ የነበረው ሰው።

«እኔ እሱን አይደለሁም» አልኩት። «እሱ ደብቆ ሄደ። ነገ እኔን የሆነ ነገር ቢያገኘኝ ይቺ ልጅ ድንኳን ውስጥ ተነስታ እናቴ ላይ ዕዳ ያለው አለ ወይ እንድትል አልፈልግም። ስንት እንደቀረ ማወቅ አለባት።»

ልጄ ጻፈችው፣ ሁላችንም ፈረምን። ዳኛው ከፊርማቸው ሥር ያሰመሩት መስመር ወረቀቱን ሊቀድደው ምንም አልቀረው፤ የአስተማሪ ነገር። ሻዩ በርዶ ስለነበር የሐጂ ሚስት ሌላ አመጣች። የኔን ስኒ ስታስቀምጥ እጇን ትከሻዬ ላይ ትንሽ አቆየችው።

አሁን የተማሪ ዩኒፎርም ጨምሬ እይዛለሁ። ሱሪ፣ ጉርድ፣ ሹራብ ላይ ባጅ መለጠፍ፤ የሚያሰለች ሥራ ነው ግን ገንዘቡ አይቀርም። ሱቋን እንደ ድሮው አላያትም። ድሮ ጠዋት በሯን ስከፍት የኔ ነበረች፤ አሁን ስከፍት እሱ ቀድሞኝ የገባ ይመስለኛል። መኪናው ላይ ተቀምጬ እጨቃጨቀዋለሁ። ሰው ምን ይለኛል ብዬ በአፌ አላወጣውም እንጂ፣ ነግረኸኝ ቢሆን እለዋለሁ፣ እሁድን ለሁለት እንከፍለው ነበር እለዋለሁ። አንዳንድ ቀን እሸነፋለሁ። ብድር ነው ብሎኝ ቢሆን ዛሬም ዚፕ እየቀየርኩ እንደምኖር እሱም ያውቅ ነበር፣ እኔም አውቃለሁ።

አበዳሪው ወር ሲሞላ ራሱ ይመጣል። ብሩን ቆጥሬ እሰጠዋለሁ፣ ይፈርምልኛል፣ ይሄዳል። ባለፈው ወር ግን ሲመጣ በፌስታል የጠቀለላት ነገር ነበረችው። ሱሪ ናት፣ አዲስ። ወሎ ሰፈር ያገኘውን ሱቅ ሊከፍት ነው፤ ለመክፈቻው ቀን የሚለብሳት። ትንሽ ትረዝመዋለች። አሳጥሪልኝና ከዕዳው ይታሰብ አለ፣ እየሳቀ።

«አይታሰብም» አልኩት። «ዕዳው የባለቤቴ ነው። ሱሪው የእርስዎ ነው።»

ዋጋውን ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ለኔም? አለኝ። ለእርስዎም አልኩት። ከፈለ። መጋረጃው ውስጥ ገብቶ ለብሷት ወጣና ዱካዋ ላይ አቆምኩት፣ መርፌዎቼን በከንፈሬ ይዤ እግሩ ሥር ተንበረከክሁ። የግራውን እግር ይዤ ስጨርስ ከላይ ሆኖ፣ አሁንም ተቀይመሽዋል ወይ አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ማንን አላለም።

መርፌዎቹን ከአፌ አውጥቼ ደረቴ ላይ ሰካሁ። ወደ ቀኝ እግሩ ዞርኩ።

«ቀጥ ብለው ይቁሙ» አልኩት።